የአቶ ዘውገ ግማሽ ራስ

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ ካርታ ታወጣላችሁ፤ ካርታ ካወጣችሁ እኛን አታገኙንም፤ ካላገኛችሁን ደግሞ ቀጣፊ ትሉኛላችሁ። እኔ ገላነህ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ብዙ ማውራቴን አልክድም፤ ቀጥፌ ግን አላውቅም።

ከተማችን ትልቅ ናት። እኛ የምንኖረው ጠርዟ ላይ፣ ከገደሉ አፋፍ ባለው ዳገት ነው። ጥንት የከተማዋን ካርታ የሣለው ሰው እኛ ዳገት ሥር ሲደርስ ደክሞት ኖሮ፣ ሽቅብ ወጥቶ ከማየት ይልቅ የሰሜን ቀስቱን እዚያ ቦታ ላይ ሣለው። ቀስቱን አይቼዋለሁ፤ ያምራል፤ ጫፉ ላይ አበባ የመሰለች ነገር አለችው። ከዚያ ወዲህ የተሾመ ሹም ሁሉ ካርታውን ዘርግቶ "እዚህ ጋ ያለው ቀስት ነው፤ ሰው የለም" ይላል። ወጥተው አላዩም እንዳልል አይተዋል። ካርታው ግን የታተመ ነው፤ እኛ አልታተምንም።

አገሩ ሕግ ያለው አገር ነው። የሌለ ሰፈር መብራት አይገባለትም፣ ውኃ አይገባለትም፣ መንገድ አይጠረግለትም ይላል ሕጉ። ይህን ሰምታችሁ አትዘኑልን፤ ሁለተኛም አንቀጽ አለው። የሌለ ሰፈር አይፈርስም። ካርታ ላይ በክብር የተጻፉ ሰፈሮች በራቸው ቀይ ቀለም እየተቀባ ሲፈርሱ፣ እኛ አቧራውን ከዳገታችን ላይ ሆነን እናይ ነበር። የፈረሰባቸውም ዕቃቸውን ተሸክመው ወደ እኛው ይወጣሉ። ጠጋ ጠጋ ብለን እናስቀምጣቸዋለን።

መብራቱን በተመለከተ፣ ትልቁ የከተማዋ መስመር ልክ በራሳችን ላይ ነው የሚያልፈው። ክረምት ሲገባ ሽቦው ሲንጫጫ ይሰማናል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለእኛ ነው። ታዲያ ምን አደረግን? ዕቁብ ጣልን።

የገንዘብ አይደለም፤ የብርሃን ዕቁብ ነው። እያንዳንዱ ቤት ከገበያ የገዛት መዳፍ የምታክል ሶላር ነበረችው። ለብቻዋ ስልክ እንኳ በወጉ አትሞላም። የሰፈራችን ታላቅ እትዬ ወርቅያንጥፉ "ይህቺን ይህቺንማ ለየብቻ ከምንቆረጥማት እንሰብስባት" አሉ። ሶላሮቹ እሳቸው ጣራ ላይ ወጡ፤ ባትሪዎቹ ሳሎናቸው ውስጥ ያለ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ገቡ። ሲመሽ ዕጣ ይወጣል። ዕጣ የደረሰው ሰው የዚያን ምሽት ብርሃን ሁሉ ይወስዳል። ግን ብርሃን ብቻውን የሚበላ ነገር አይደለምና ተማሪው ደብተሩን፣ ሰፊዋ ጨርቋን፣ ወሬኛው ወሬውን ይዞ እዚያው ቤት ይሰበሰባል። ድግስ ያለው ሰው ባለ ዕጣውን ይለምነዋል፤ ተለምኖ እምቢ ያለ አላጋጠመንም። አንድ ሰው እምቢ ሊል አስቦ ነበር፣ እትዬ ወርቅያንጥፉ ዓይኑን አዩትና ተወው።

የዕቁቡ ደንብ ሁለት ብቻ ነው። የመጀመሪያው፣ ዕጣ ከመውጣቱ በፊት የሚነሣ ድርሻ አለ፤ እሱም የብርነሽ ድርሻ ይባላል። ብርነሽ ሚስቴ ናት። የስኳር ሕመም አለባት፤ የምትወጋው መድኃኒት ቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ አይሠራም። ከሣጥኑ አጠገብ አንዲት ትንሽ ፍሪጅ አለች፤ ዝናብ ቢዘንብ፣ ደመና ቢውል፣ ከተማዋ ብትገለበጥ ከሣጥኑ የሚወጣው የመጀመሪያ ብርሃን እዚያ ነው የሚገባው። ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ያቺ ፍሪጅ ስታጉረመርም ስሰማ ጎረቤቶቼን እወዳቸዋለሁ። ሌላ ጊዜ ያናድዱኛል።

ሁለተኛው ደንብ፣ በብርሃኑ የተጀመረ ሥራ በብርሃኑ ይጨረሳል የሚል ነው። ደንቡ የወጣው በአንድ ልብስ ሰፊ ምክንያት ነው። ሱሪ በዕቁቡ ብርሃን ጀምሮ ብርሃኑ ሲያልቅበት በኩራዝ ጨረሰው። አንዱ እግር ከሌላው ረዘመ። ደንበኛው ከሰሰ፤ ሰፊው ጥፋቱን በብርሃኑ ላይ አላከከ። እትዬ ወርቅያንጥፉም "የብርሃኑን ስም አጥፍተሃል" ብለው አንድ ዙር ከዕጣ አስወጡት። ከዚያ ወዲህ ማንም ደፍሮት አያውቅም። የእኔ የፀጉር መቁረጫ ቶንዶስ ደግሞ የሚሠራው በዚሁ ብርሃን ስለሆነ ወንበሬን እትዬ ወርቅያንጥፉ ሳሎን፣ ከሣጥኑ አጠገብ አኑሬያለሁ፤ ስለዚህም በእኛ ዳገት ግማሽ ራሱን ተቆርጦ የሚሄድ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። "ቀሪ አለኝ" ይላል፤ ሰላምታ ተሰጣጥተን እናልፋለን።

አሁን አቶ ዘውገን ላስተዋውቃችሁ። አቶ ዘውገ የአለመኖር መርማሪ ነው። ሥራው በዓመት አንድ ጊዜ ዳገታችንን ወጥቶ አሁንም አለመኖራችንን ማረጋገጥ ነው። ሰፈሩን ከዳር እስከ ዳር ይዞራል፤ እያንዳንዱን ሰው በስሙ ጠርቶ ጤናውን ይጠይቃል፤ የታመመ ካለ ይጠይቃል፤ ልቅሶ ካለ ይደርሳል። ምሳውን እትዬ ወርቅያንጥፉ ቤት በልቶ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ "ወጥቼ ተመልክቻለሁ፤ ምንም አላገኘሁም" ብሎ ይጽፍና ማኅተሙን ይመታል። ሐሰት የማይናገር ሰው ነው። "ያየሁትን ሁሉ አላገኘሁትም ማለት ሐሰት አይደለም፤ መፈለግና ማግኘት ለየቅል ነው" ይለኛል ወንበሬ ላይ ተቀምጦ። እኔም ዝም አይነቅዝም ብዬ ጢሙን አስተካክላለሁ።

ከሰፈራችን አለመኖራችን የሚከፋው ቁልፍ ሠሪው ደግፌ ብቻ ነበር። በሩ ላይ "የቤት ቁጥር 14" ብሎ ራሱ ጽፏል። ለምን ከአንድ አልጀመርክም ሲባል "ከመሀል መጀመር ያስከብራል" ይላል። ስቀንበታል። ነገሩ ግን የእናቱ ነው። እናቱ እዚሁ ዳገት ላይ ሲሞቱ የሞት ወረቀት ለማውጣት ሄዶ "የት ሞቱ?" ተባለ። የሞቱበት ቦታ የለምና እስከ ዛሬ በመዝገብ በሕይወት አሉ። በየዓመቱ እንኳን አደረሰዎ የሚል ካርድ ይላክላቸዋል፤ አድራሻ ስለሌላቸው ይመለሳል።

የሆነው እንዲህ ነው። ያን ዓመት ከተማዋን መብራት ይጠፋባት ጀመር። ሲጠፋ ይሰነብታል። አቶ ዘውገ ለዓመታዊ ሥራው ሲመጣ ያነገተው ቦርሳ ሳይሆን ትልቅ ዘንቢል ነበር፤ ዘንቢሉ የሞላው ደግሞ ስልክ ነው።

"ይሄ ሁሉ ምንድን ነው፣ ዘውገ?" አሉ እትዬ ወርቅያንጥፉ።

"የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ነው፣ እትዬ። ሁሉም ባትሪው አልቆበታል። ዳገት ልትወጣ ከሆነ እግረ መንገድህን አስሞላልን አሉኝ።"

"የሌለ ሰፈር ውስጥ?"

"እሱን አንሥቼባቸው ነበር። አይሰማንም አሉ።"

ስልኮቹ ተሰኩ። እንግዳ አይመለስም። አቶ ዘውገም እስኪሞላ ብሎ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። "ጎንና ጎኑን አሳጥረው፣ አናቱን ለስለስ አድርገው" አለኝ። በቀኝ ጀመርኩ። ቀኙን ከጨረስኩ በኋላ አናቱ ላይ አንድ መስመር እንደሄድኩ ቶንዶሱ ሁለቴ አቃሰተና ፀጥ አለ። የመሥሪያ ቤቱ ስልኮች የቀኑን ብርሃን ጠጥተው ጨርሰውታል። የብርነሽ ድርሻ ብቻ በቦታው ነው፤ እሱ አይነካም።

"ይታገሡኝ፣ ፀሐይዋ ሳሳች እንጂ አልገባችም" አልኩት። እሱም ታጋሽ ነው። ግን በዚያው ቅጽበት ከዘንቢሉ ውስጥ የገዛ ስልኩ ጮኸ፤ ምን ያድርግ፣ ሞልቷል። አለቃው ነበሩ። አስቸኳይ ስብሰባ አለ፣ አሁኑኑ ና አሉት።

መቀስ አነሣሁ። ከኋላዬ እትዬ ወርቅያንጥፉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ገላነህ።"

"እንግዳ ናቸው እኮ፣ እትዬ።"

"ብርሃኑ እንግዳ አያውቅም።"

መቀሱን አስቀመጥኩ። አቶ ዘውገ ባርኔጣውን አጠለቀ፣ ዘንቢሉን አንጠለጠለ፣ ዳገቱን እየሮጠ ወረደ። ቀሪ አለው ብለን ሸኘነው።

በእኛ አገር አለቃ ሲገባ ባርኔጣ ይወልቃል። የመኖር መምሪያ ኃላፊው ክቡርነታቸው ሲገቡ ሁሉም አወለቀ። አቶ ዘውገም አወለቀ። ስብሰባው የተጠራበትን ጉዳይ እስከ ዛሬ ያወቀ የለም፤ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ስለ ሌላ ነገር የተናገረ አልነበረምና።

"ማነው እንዲህ ያደረገህ?" አሉ ክቡርነታቸው።

"ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ክቡር ሆይ።"

"የት ያለ?"

አቶ ዘውገ ሐሰት አይናገርም። "የሌለው ሰፈር ውስጥ ያለ" አለ።

አንድ የሕግ አዋቂ ተነሥቶ የሌለ ሰፈር ፀጉር ሊቆርጥ እንደማይችል አስረዳ። ሌላው ተነሥቶ ፀጉሩ ግን መቆረጡን አስረዳ። ኮሚቴ ተቋቁሞ የአቶ ዘውገን ራስ በየተራ ዳሰሰው። በመጨረሻ ሰፈሩ ቢያንስ በቀኝ በኩል ያለ መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ማስረጃው እንዳይጠፋ የአቶ ዘውገ ራስ በኤግዚቢትነት ተመዘገበ። ለከተማው ፀጉር አስተካካዮች ሁሉ ይህን ራስ የነካ ይቀጣል የሚል ማስታወቂያ ተበተነ። ፀጉሩም ባለበት እንዲቆይ፣ እንዳያድግ፣ ደብዳቤ ተጻፈለት፤ አቶ ዘውገ ስለ ፀጉሩ ሆኖ ፈርሞ ተቀበለ።

ከዚያ ወደ እኛ መጡ። ክቡርነታቸው ራሳቸው፣ ከነማርሽ ባንዱ። ድንጋይ ላይ ቆመው "እንኳን ደስ አላችሁ! ከዛሬ ጀምሮ አላችሁ!" አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ደግፌ አለቀሰ፤ እናቱ ሊሞቱለት ነው። እኔም አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ሰው መኖሩን ከሹም አፍ ሲሰማ የሆነ ነገር ይሆናል። እትዬ ወርቅያንጥፉ ብቻ አላጨበጨቡም። "ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው" አሉ በቀስታ።

ከማርሽ ባንዱ በኋላ ምሰሶ ተከሉልን። ረጃጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ አዲስ ቀለም የሸተቱ ምሰሶዎች ናቸው።

"ሽቦውስ መቼ ይመጣል?" ብዬ ጠየቅኋቸው የተካዮቹን ሹም።

"ምሰሶው አካባቢውን ይልመድ" አለኝ።

ከምሰሶው በኋላ ቀይ ቀለም የያዘ ሰው መጣና በሮቻችንን ምልክት አደረገባቸው። ያለ ሰፈር ሆነን ተገኘን፤ ያለ ፈቃድ ግን ነው ያለነው። ስለዚህ እንፈርሳለን። መቼ ነው ብለን ብንጠይቅ መብራት ከገባልን በኋላ ነው ተባልን፤ በጨለማ ማፍረስ ለሠራተኞች ደኅንነት አይመችም። ደግፌ በሩ ላይ ቀዩን ሲያይ ቁጥሩን እንዳይሸፍንበት ለመነ። ቀቢው ደግ ሰው ነበር፤ ከጎኑ ቀባለት።

እስከዚህ ድረስ እየሳቅን ነበር። በመጨረሻ የመጣው ሳቃችንን ወሰደው። የሕጉ ሦስተኛ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ ያለ ሰፈር የራሱን ብርሃን አያበራም፤ የከተማውን ይጠብቃል። ሣጥኑ ሊታሸግ ነው። ለማሸግ የተላከውም አቶ ዘውገ ነበር፤ ማኅተም ያለው እሱ ስለሆነ። ባርኔጣውን እስከ ጆሮው ድረስ ስቦ መጣ። ሣጥኑን በገመድ አሰረ፣ ሰም አቀለጠ፣ ማኅተሙን ተጫነ። የፍሪጇ ማጉረምረም ቆመ። ያን ድምፅ ከዚያ በፊት ይህን ያህል የምሰማው አይመስለኝም ነበር።

ብርነሽ መድኃኒቷን ከፍሪጇ አውጥታ በጨርቅ ጠቀለለች። አቶ ዘውገ አያት።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ዕድሜዬ ነው" አለችው። ስትቀልድ ነው፤ እንዲህ ነው የምትቀልደው።

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አሉ እትዬ ወርቅያንጥፉ፤ ማንን እንደሆነ አልተናገሩም። አቶ ዘውገ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ በሞላ ገንቦ ውስጥ፣ ከአልጋው ሥር፣ በጥላ አስቀመጥነው። ጎረቤቶች እየተፈራረቁ አሸዋውን ውኃ ያጠጡ ነበር። ግን በጋ ነው፤ ቆርቆሮ ጣራ ነው። የዚያ መድኃኒት ክፋቱ ሲበላሽ መልኩ አለመለወጡ ነው። እንደ ወተት አይቋጥር፣ እንደ ወጥ አይሸት። እንደነበረ ሆኖ ውኃ ይሆናል። ያወቅነው ብርነሽ ውኃ መጠጣት ስታበዛ ነው። ሳትታከም በፊት እንዲህ ነበረች፤ ጠጥታ የማትረካ። አንድ ቀን ጠዋት ሙሉ ጆግ ጠጥታ ስታበቃ ጆጉን እንደገና ስትዘረጋልኝ ተቀብዬ ሞላሁላት። ፈራሁ። መኖራችን ሊገድላት ነው ብዬ ፈራሁ።

ከተማ ወርጄ የመድኃኒት ቤቱን ሰው ጠየቅኩት። "አዲስ ልስጥህ እችላለሁ፤ የት ታስቀምጠዋለህ?" አለኝ። ደግፌ ሣጥኑን ልክፈተው አለ፤ እሱ የማይከፍተው ነገር የለም። ግን የሰም ማኅተም ቁልፍ አይደለም፤ የሰበረው ይታሰራል፤ ከእሱ ጋር እትዬ ወርቅያንጥፉ ይታሰራሉ። እሳቸው "ልታሰር፣ ምን አለብኝ" አሉ። እኛ አይሆንም አልን። ስንጨቃጨቅ ዋልን።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ አቶ ዘውገ ብቻውን ዳገቱን ወጣ። በአንድ እጁ ባርኔጣውን ይዟል፤ በሌላው እጁ ፔርሙዝ።

ሰውየው አያምርም ነበር። ደብዳቤው ቢደርሰውም ፀጉሩ አድጓል፤ ግራው ጆሮውን ሸፍኗል፣ ቀኙ እንደ መጥረጊያ ቆሟል። ሚስቱ ሰርግ አብሬህ አልሄድም ብላዋለች። ሕፃናት ይከተሉታል። ወንበሬ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

"ገላነህ፣ እባክህ ጨርስልኝ።"

"ኤግዚቢት ነዎት እኮ። የነካ ይቀጣል ተብሏል።"

"ማስታወቂያው አንተ ዘንድ ደርሷል?"

አሰብኩ። ማስታወቂያው የተላከው ካርታ ላይ ላሉ ፀጉር ቤቶች ነው። ካርታው ደግሞ ገና አልታረመም፤ ቀስቱን ወዴት እንደሚያዛውሩት አልተስማሙም።

"አልደረሰኝም" አልኩ።

"እንግዲያው ቁረጠኝ።"

ቶንዶሱን አንሥቼ አሳየሁት። "በብርሃን ነው የጀመርነው፣ አቶ ዘውገ። ብርሃኑን ያሸጉት እርስዎ ነዎት።"

ሣጥኑን አየው። የገዛ ማኅተሙን አየው። ከዚያ ፔርሙዙን ጉልበቱ ላይ አደረገ። "የዚያን ቀን ካየኋት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም" አለ። "አዲስ መድኃኒት ገዝቼ በበረዶ አምጥቻለሁ። የት እንደምታስቀምጡት ግን አላሰብኩበትም። ማምጣቱን ብቻ ነው ያሰብኩት።"

ፔርሙዙን ነቅነቅ አደረግኩት። በረዶው ሟሙቶ ጠጠር ጠጠር አክሏል።

"ዘውገ ልጄ፣ በረዶው እያለቀ ነው" አሉ እትዬ ወርቅያንጥፉ።

"ማኅተም መስበር ወንጀል ነው፣ እትዬ። የታሸገው ደግሞ በሕግ ነው። ሰፈሩ ስላለ ነው የታሸገው። ሰፈሩ ያለው..." አለና ቆመ። እጁን ወደ ራሱ ሰደደ። ረጅሙን ግራውን ዳሰሰ፣ አጭሩን ቀኙን ዳሰሰ። "ሰፈሩ ያለው በዚህ ነው" አለ። "ይህ እኩል ቢሆን ማስረጃ የለም። ማስረጃ ከሌለ ሰፈሩ የለም። ሰፈሩ ከሌለ የታሸገ ነገር የለም። የታሸገ ከሌለ የሰበርኩትም የለም።"

"ትክክል" አልኩ፤ ፔርሙዙን እያየሁ።

"ግን መጀመሪያ ካልተቆረጥኩ እሽጉ ሕጋዊ ነው። እሽጉ ካልተፈታ ደግሞ አልቆረጥም። ከየቱ ልጀምር?"

ይህን ጥያቄ አገላብጦ እያየ ተቀመጠ። ፔርሙዙ ውስጥ በረዶው ሲንሸራተት ይሰማኛል። ልጮህበት አፌን ስከፍት፣ እትዬ ወርቅያንጥፉ ካስተኟት ጓዳ የብርነሽ ድምፅ መጣ።

"ገላነህ... ውኃ አለ?"

አቶ ዘውገ ተነሣ። ሣጥኑ ዘንድ ሄዶ ሰሙን በአውራ ጣቱ ሰበረው።

ሽቦዎቹን የቀጠልኩት እኔ ነኝ። ቶንዶሱን መሰካት ስጀምር እትዬ ወርቅያንጥፉ እጄን ያዙኝ። "መጀመሪያ የብርነሽ ድርሻ" አሉ። ፍሪጇ ተንቀጠቀጠች፣ ተንጠራራች፣ ማጉረምረም ጀመረች። አቶ ዘውገ መድኃኒቱን በሁለት እጁ ይዞ ራሱ አስገባው። አንዷን ብልቃጥ አስቀርተን ያኔውኑ ብርነሽን ወጋናት። ከዚያ በኋላ ነው ወንበሩ ላይ የተመለሰው። ግራውን ቆረጥኩት፣ አናቱን አለሰለስኩት፤ በሕይወቴ እንዲህ አሳምሬ የቆረጥኩት ራስ የለም። ዳገቱን ሲወርድ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር።

የቀረውን የነገረን እሱ ነው። ክቡርነታቸው አስጠሩት። ዞር ዞር ብለው አዩት።

"ማን ቆረጠህ?"

"ማንም።"

"የት?"

"የትም፣ ክቡር ሆይ።"

ሐሰት የማይናገር ሰው እንደሆነ ያውቃሉ። የሕግ አዋቂው ተጠራ። መዝገቡን አገላበጠና በመዝገቡ ውስጥ ግራ ቀኙ እኩል ከተቆረጠ አንድ ራስ በቀር ምንም እንደሌለ አስረዳ። ሰፈሩ የለም ተባለ። በሮቻችን ላይ ያለውን ቀይ ቀለም ሊያጠፋ የሚመጣ ሰው አልተላከም፤ የሌለ በር አይጸዳም። ምሰሶዎቹንም ለመንቀል መተከላቸው መታመን ስላለበት እዚያው ቀሩ። አሁን ልብስ ይሰጣባቸዋል። ለእሱስ ያገለግላሉ።

ደግፌ ብቻ አልተደሰተም። በኖርንባት አጭር ጊዜ የእናቱን የሞት ወረቀት ለማውጣት ሮጦ፣ ካርታው እስኪታረም ተብሎ ተመልሶ ነበር። አሁንም እናቱ በሕይወት አሉ። አቶ ዘውገ ቤቱ ሄዶ ብዙ ሰዓት አብሮት ተቀመጠ። ሲወጣ በሩ ላይ ያለውን ቁጥር 14 በእጁ ነካው፤ "ይህንንም አላገኘሁትም" አለው። ደግፌ ሣቀ፤ ግን ዓይኑ ቀልቷል። የሌለ ሰው ሞቱም አይታመንለትም፤ ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

አቶ ዘውገ ይህን የነገረን ዕለት ምሽት ዕጣው ለእኛ ወጣ። ሰፈሩ ሁሉ ቤታችን ተሰብስቦ ሲያወራ፣ እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ስለ ሚስቴ ጥማት መቀነስ እያሰብኩ ነበር። ጆጉ ከጠዋት ጀምሮ አልጎደለም። ብርነሽ ከእትዬ ወርቅያንጥፉ ቤት መድኃኒቷን ይዛ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

"ስለዚህ አሁን የለንም ማለት ነው?" አለችኝ።

"የለንም" አልኳት። "በሕግ የለንም።"

ያቺን ቀዝቃዛ ብልቃጥ ማጅራቴ ላይ ለጠፈችብኝ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮህኩ።

"ለሌለ ሰው" አለች፣ "ጩኸትህ በዛ።"